ባዝራዋን በነጥብ አስቀርተን ዝም አልን

የሜሪላንድ ወገኖቼ፣ ባዝራዎች ከኬንታኪ ደርቢ የፈረስ ውድድር ሲቀሩ ዝም ማለታችንን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እ.ኤ.አ. 2009 ነው። ሬቸል አሌክሳንድራ የምትባል የሦስት ዓመት ባዝራ የኬንታኪ ኦክስን ከ20 የፈረስ ርዝመት በላይ ቀድማ አሸነፈች። ኦክስ የባዝራዎች ብቻ ውድድር ነው። በማግስቱ ወንዱም ሴቱም የሚሮጥበትን ደርቢውን ማይን ዛት በርድ የሚባል ሰንጋ ፈረስ ወሰደው። አዲሱ ባለቤቷ ባዝራዋን ወደ እኛው ባልቲሞር፣ ወደ ፕሪክነስ ውድድር አመጣታለሁ አለ። ቀድማ ስላልተመዘገበች 100,000 ዶላር መክፈል ነበረበት። ፕሪክነስ ደግሞ ከ14 ፈረስ በላይ አያስገባም፤ ቅድሚያውም ቀድመው ለተመዘገቡት ነው። ይህን ያዩ የተቀናቃኝ ፈረስ ባለቤቶች ምን አሰቡ? ተጨማሪ ፈረሶች አስገብተው ቦታውን ሊሞሉባት! ሮጦ መቅደም ሲያሰጋ ወንበር መያዝ። ወሬው ሲወጣ ሰው ተቆጣ፤ እነሱም ተዉት። ጋላቢው ካልቪን ቦሬል ደርቢውን ያሸነፈበትን ሰንጋ ትቶ እሷን ጋለበ። በአንድ ፈረስ ርዝመት ቀደመች፤ ሁለተኛ የወጣው ያው ሰንጋ ነው። ከ1924 ወዲህ ፕሪክነስን ያሸነፈች ባዝራ አልነበረችም።

ያኔ ለመቆጣት አንደኛ ነበርን። ታዲያ ለ2013ቱ ደርቢ መግቢያው ከሽልማት ገንዘብ ወደ ነጥብ ሲቀየር የት ሄድን? ቀድሞ ባዝራ ከባዝራ ጋር በትልልቅ ውድድሮች ሮጣ ያገኘችው ገንዘብ ይቆጠርላት ነበር። አሁን የኦክስ ማጣሪያ ነጥብ ለኦክስ ብቻ ነው። ከወንዶቹ ጋር ማጣሪያ ሮጣ ነጥብ ካላመጣች ደርቢው ከሚያስገባቸው 20 ፈረሶች ውስጥ አትገባም። ኦክስን በእጁ የያዘ አሠልጣኝ ደግሞ ለምን ይደፍራል? ከ2010 ወዲህ ደርቢን የሮጠች ባዝራ የለችም። ያኔ ቁጣ ፈርተው የተዉትን ደንቡ በጸጥታ ፈጸመው። እኛም ጭጭ።

«ለባዝራዎቹ አዝነን ነው» የምትሉ አላችሁ፤ ባዝራዋን ኤይት ቤልስን ትጠቅሳላችሁ። እውነት ነው፣ በ2008 ደርቢን ሁለተኛ ጨርሳ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ተሰበሩ። እዚያው ሜዳው ላይ በመርፌ አሰናበቷት። ሳስበው ዛሬም አንጀቴ ይላወሳል። ግን ባርባሮን ምን ልትሉት ነው? በ2006 እዚሁ ባልቲሞር፣ ፒምሊኮ መሮጫ ላይ፣ በፕሪክነስ እግሩ የተሰበረው ወንድ ነው፣ ያውም የደርቢ አሸናፊ። ወንዶች አይሩጡ ያለ ሰው ሰማችሁ? የእግር ስብራት ካሳሰባችሁ ስለ መሮጫው አፈርና ስለሚወጉት መድኃኒት ጠይቁ እንጂ፣ እባካችሁ፣ በሟቿ አታመካኙ።

በ2020 ስዊስ ስካይዳይቨር የምትባል ባዝራ የደርቢውን አሸናፊ ፕሪክነስ ላይ በአንገት ርዝመት ቀደመችው። ያም አልነቀነቀንም።

የምለምነው ትንሽ ነው። የኦክስ ማጣሪያ ነጥብ፣ ግማሹ እንኳ፣ ለደርቢ ይቆጠር። ግንቦት መጥቶ ውርርድ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ይህንኑ ደርቢውን ለሚያዘጋጀው ለቸርችል ዳውንስ ጻፉ። ቶሎ ይሰሙናል ብዬ አይደለም። ግን የሚኖሩት በእኛው ገንዘብ ነው፤ ከተደጋገመ ምናልባት አንዱ ያነበው ይሆናል።