ጣሪያ የሌለው ገዳምና የፈረሰው ደብራችን

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ፣ ኤር ወንዝ ዳር፣ ኪርክስቶል የሚባል ገዳም አለ። ገዳም ስል ፍርስራሹን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ እግሬ በልማድ ቆም አለ። ግድግዳውን ተሳልሜ ገባሁ። ጣሪያ የለውም። የቤተ ክርስቲያኑ መሀል ቆመህ ቀና ስትል ሰማዩን ነው የምታየው።

መነኮሳቱ ሲስተርሺያን የሚባል የካቶሊክ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ እኛ አገር ያሉ ካቶሊኮች ሲታውያን የሚሏቸው። እዚህ የሰፈሩት በፈረንጆቹ 1152 ነው፣ የእኛ ላሊበላ ከመንገሡ ትንሽ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ተበተኑ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ያሳዝናል። ድንጋዩን እየነቀሉ ወሰዱት። የከተማው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ መሀል ለመሀል አለፈ፤ ጋሪ ተመላለሰበት። በ1779 የማማው ትልቅ ክፍል ተናደ። በ1889 ኮሎኔል ኖርዝ የሚባል ሀብታም ገዝቶ ለከተማው ሰጠው።

ዛሬ እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። ትንሹ ልጄ አንድ የተሰበረ ዓምድ ላይ ሊወጣ ሲል ሠራተኛዋ ሮጣ መጣች። አልተቆጣችም። «ይሄ ድንጋይ ሽማግሌ ነው፣ ይደክመዋል» አለችው።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄኔ ነው። ያደግኩበት ደብር ትዝ አለኝ። ክብ ነበር። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ፈረሱ ላይ ያለውን ጊዮርጊስ እያየሁ ነው ቅዳሴ ያስቀደስኩት። ከዓመታት በፊት «አዲስ ሕንፃ እንሥራ» ተባለ። እኔም 300 ፓውንድ ላክሁ። ፎቶው በቴሌግራም መጣ፤ ብሎኬት፣ መስታወት፣ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ። አሮጌውስ? ፈርሷል። ሥዕሉስ? የሚያውቅ ጠፋ። አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ አዲስ ተሠራ አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። የእኔም ብር አለበት እኮ!

እውነት ነው፣ እኛ ጋ ጸሎቱ አልተቋረጠም። ኪርክስቶል ማኅሌት የሚቆም የለም፤ እርግብ ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄን በምንም አልለውጠውም። ግን ቅዳሴው ስላለ ግድግዳው ይፍረስ ያለው ማነው? አባቶቻችን የጸለዩበት እኮ ነው!

አሁን ደግሞ ለዕቃ ቤት መዋጮ ተጀምሯል። እልካለሁ። ከመላኬ በፊት ግን ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ የድሮው ብራናና መስቀል የት ነው ያለው? መልሱን እየጠበቅሁ ነው።