ማስተካከያ፦ ስለ ዊኒፔግ ጄትስ አርማ

የካናዳዋ ዊኒፔግ የበረዶ ሆኪ ክለቧን መልሳ ስለማግኘቷ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ «ክለቡ ከፊኒክስ ተመልሶ የቀድሞ አርማውን ቀለም ብቻ ቀየረ» ማለታችን ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ፊኒክስ የሄደው ጄትስ አልተመለሰም፤ በ2011 ወደ ከተማዋ የተዛወረው የአትላንታው ትራሸርስ ሲሆን፣ ከቀድሞው ክለብ የወሰደው ስሙን ነው። ያሳሳተንም ይኸው የስም አንድነት ነው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 22 ቀን ይፋ የሆነው አርማም የታደሰ ሳይሆን እንደ አዲስ የተነደፈ ነው። በቀድሞው ላይ «ጄ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል የሆኪ ዱላ መስላ ትታይ ነበር፤ የአሁኑ ግን የካናዳ አየር ኃይልን ክብ ምልክት መነሻ አድርጎ፣ በቀይ የሜፕል ቅጠል ላይ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ያቀና ግራጫ ተዋጊ ጄት አሳርፏል። ለስሕተቱ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።