«ቪዛው መቼ ነው የሚያልቀው?»

እኛ ሐበሾች ሴት ልጅ ስትጠየቅ የምናነሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ምን ይሠራል? ጠበቅ ያለ ቤተሰብ ከሆነ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አሜሪካ ከገባን ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ጨምረናል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣውም እሱ ሆኗል። «ወረቀት አለው ወይ?»

የለውም ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ሊጠቀምባት ነው። አለው ከተባለ ደግሞ ምን ዓይነት ወረቀት? ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ከሆነ ጭራሽ አይጣል ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ቢበላ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ቢይዝ፣ ግብሩን ቢከፍል ለውጥ የለውም። ቪዛው ማለቂያ ቀን አለው፤ ስለዚህ ፍቅሩም ማለቂያ ቀን አለው ማለት ነው። አበቃ።

ይህን የምጽፈው አንገብግቦኝ ነው። የእህቴ ልጅ በልጅነቷ ከእናትና ከአባቷ ጋር በዲቪ መጥታ እዚህ ቨርጂኒያ ያደገች ዜጋ ናት። ነርስነት ትማራለች፤ በትርፍ ሰዓቷ ትሠራለች። የወደደችው ልጅ ከሰሜን ህንድ የመጣ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ የሚሠራው ኤች ዋን ቢ በሚባለው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ነው። በጥር ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ከየት ያምጣ ምስኪን! ሁለት ህንዳውያን የሥራ ባልደረቦቹንና አንድ የተዋሰውን ሐበሻ ጎረቤት ሰበሰበ። ሰዎቹ ተመክረው ነው የመጡት። «ቁጭ በሉ» እስኪባሉ በር ላይ ቆሙ። አንደኛው በኮቱ ላይ ነጠላ ደርቧል። እኔ በበኩሌ ልቤ ሞቀ። ሐበሻው ጎረቤት እንደ ወጉ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ ሳይጨርስ የልጅቷ የአባቷ እህት አቋረጠችው። «ቪዛው መቼ ነው የሚያልቀው?»

ህንዶቹ አማርኛ አይሰሙም። «ቪዛ» የምትለዋን ግን ሰሟት። ሁለቱ ተያዩ። እኔ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ወደድኩ።

ይህች ሴት፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ደሴ ነው የተማረችው። በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ህንዶች እንደነበሩ የእሷ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል። ራሷ ስንት ጊዜ ስለ ሂሳብ አስተማሪዋ አጫውታናለች፤ አነጋገሩን እያስመሰለች። እነዚያ ሰዎች በምን ነበር የመጡት? በኮንትራት። ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበሩ። ያኔ «መምህር» ተብለው ይከበሩ ነበር። ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ኮምፒዩተር ተምሮ በኮንትራት አሜሪካ ሲመጣ «ወረቀት ፈላጊ» ሆነ።

ዛሬም አዲስ አበባ ብንሄድ ያው ነው። እዚያ የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። በየዓመቱ! ከዚያ በላይ ጊዜያዊ ነገር አለ? ግን ቦሌ አካባቢ ያለ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንድ ጀርመናዊ ልጃችንን ቢጠይቅ ፈቃዱ መቼ እንደሚታደስ የሚጠይቀው አለ? እልልታው ከኮተቤ ይሰማል። ይህች የአባቷ እህት ራሷ ናት እልል የምትለው። እዚያ «ኤክስፐርት» ነው፤ እዚህ «ቪዛው መቼ ነው የሚያልቀው» ነው።

ደግሞ እኮ እኛ ነን! በሎተሪ የመጣን ሰዎች። ዲቪ በሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ሰው የሚፈቀድበት ዕጣ ነው። ኤች ዋን ቢም በዓመት 85,000 ገደብ አለው፤ 65,000 ለሁሉም፣ 20,000 አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ ለያዙ። አመልካቹ ከዚያ ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። ልዩነቱ እሱ ዕጣው እስኪወጣለት ዲግሪ መያዝና ቀጣሪ ማግኘት ነበረበት። እኛ ፎቶና አድራሻ ነው የሞላነው። ዲቪ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው ባለትዳር እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። ማን በማን ላይ ተለጥፎ እንደመጣ እዚህ አልዘረዝርም፤ ለቅሶ ቤት መገናኘታችን አይቀርም። ብቻ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ሌላውን የሚጠረጥረው በሚያውቀው ነገር ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሰርጉ ለሚያዝያ 25 ተቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ፣ ከግንቦት በፊት። በግንቦት ማን ያገባል? ሁሉም ተስማማ። ያችም ሴት እያጉረመረመች ተስማማች። ከዚያ የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ልጁ ከሥራ ተቀነሰ። ቀጣሪው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጣበት፤ ጥፋት የለበትም። ኤች ዋን ቢ ግን ከቀጣሪ ጋር የታሰረ ቪዛ ነው። ሥራው ሲቆም ሕጉ የሚሰጥህ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት፣ ወይ ወደ ሌላ ዓይነት ቪዛ ለመዛወር ማመልከት፣ ወይ መሄድ። አከራይህ አይጠብቅህ፣ መኪናህ አይሸጥልህ፣ የእነሱ ጣጣ አይደለም። ሪያድና ቤይሩት ካፊላቸውን፣ ማለትም ወረቀታቸውን የያዘላቸውን አሠሪ፣ ሲያጡ ወረቀታቸውን የሚያጡ እህቶቻችንን አሰብኩ። የዚህኛው ደመወዝ ይበልጣል፤ ገመዱ ግን የዚያው ዘር ነው።

እንግዲህ አስሉት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው 60 ቀን። ሁለቱ አንድ ላይ ጀመሩ። ከትንሣኤ በኋላ የምትተርፈው አምስት ቀን ናት! በአምስት ቀን ውስጥ ተጋብቶ፣ ሐኪም ተመርምሮ፣ የልደት ወረቀት አስተርጉሞ፣ ማመልከቻ አስገብቶ እንዴት ይሆናል? በጾም ማግባት ደግሞ የማይታሰብ ነው። የልጁም እናት ከዚያ በኩል ደወሉ። በእነሱም ዘንድ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሰርግ የማይሆን ወር አለ፤ ፀሐይዋ የቆመችበት ቦታ አይመችም። ሁለት ጥንታዊ ሃይማኖቶች በአንድ ድምፅ «አሁን አይሆንም» አሉ። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የጾም ወቅት አያውቅም።

ጠበቃዋ ያለችው አጭር ነው። የዜጋ ባል ከሆነ እዚሁ ሆኖ ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል፤ ቀኑ ሳያልፍ ይግባ። በሥራ በኩል ይጠብቅ ቢባል ደግሞ ህንድ የተወለደ ሰው ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ነው፤ ለአንድ አገር ተወላጆች የሚሰጠው ድርሻ በ7 በመቶ የተገደበ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በመጋቢት ፍርድ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። ድግስ የለም፣ ሥጋ የለም፣ እልልታ የለም። የደስታ ምልክት ያየሁት ከሙሽራው ብቻ ነው። ሥጋ የማይበላ ዘር ስለሆነ የጾም በያይነቱ ፊቱ ሲቀርብ ዓይኑ በራ። (ወተትና ቅቤ ይበላል። ለአባ እንዳትነግሩብኝ።)

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ አገሮች የተለያዩብኝ። አገር ቤት በክብር መዝገብ ሹም ፊት ስትጋባ ለያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክር ይፈለጋል። ተጋቢው የውጭ ዜጋ ከሆነ ያላገባ መሆኑን ከኤምባሲው ያስመጣል። ማኅተም፣ ወረፋ፣ «ነገ ና»። መጋባቱ ነፍስ ያወጣል። አንዴ ከተጋባህ ግን «እውነት ትዋደዳላችሁ?» ብሎ የሚመጣ መንግሥት የለም። ቨርጂኒያ ደግሞ የጋብቻ ፈቃድ 30 ዶላር ነው። የመጠበቂያ ቀን የለውም፣ ምስክር አይጠየቅም። ከሰዓት በኋላ ገብተህ አግብተህ ትወጣለህ። መከራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጋባትህን የሚያምንህ የለም። በአንድ ላይ የተፈረመ የኪራይ ውል አምጣ። የጋራ የባንክ ሒሳብ አምጣ። ኢንሹራንስ፣ ፎቶ፣ የስልክ ክፍያ። ለወረቀት ብለህ አግብተህ ከሆነ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ጨዋ ልጅ ናት። እናቷ «ሳይጋቡ አብሮ መኖር በቤቴ የለም» ብላ አሳድጋታለች። ልጅቷም እሺ ብላ እስከ ፍርድ ቤቱ ቀን ድረስ እናቷ ቤት ነው ያደረችው። ታዲያ የኪራይ ውል ከየት ይምጣ? የጋራ ሒሳብስ? ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ጎረቤቶቿ በአንድ ፋይል ክምር ማስረጃ ያቀርባሉ። ጨዋዋ ልጅ ባዶ እጇን ቀረች። ጨዋነት እዚህ አገር ያስጠረጥራል! እናትየውም ተገለበጠች። «እስካሁን አብራችሁ ቤት አልተከራያችሁም እንዴ?» ብላ ትጮህባቸው ጀመር። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለማንኛውም የሽማግሌው ቀን የተነሱት ፎቶዎች ፋይሉ ውስጥ ገቡ። ነጠላ የደረበው ህንዳዊ ከፊት ነው ያለው።

የኔ ጣጣ ደግሞ እዚህ ጋ ነው የመጣው። ዜጋዋ ሚስት ባሏን ስታስመጣ ወይም ስታስቀር የዋስትና ወረቀት ትፈርማለች። ገቢዋ መንግሥት ካወጣው የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት። ለሁለት ሰው ቤተሰብ በፈረንጅ 2025 ይህ ከ26,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር። የነርስ ተማሪ፣ በትርፍ ሰዓት የምትሠራ፣ አልደረሰችም። ልጁ ደግሞ ሥራ የለውም። ጠበቃዋ «ሌላ ዋስ ጨምሩ» አለች።

ዋስትናው እንዲህ እንደ እቁብ ዋስ የሚቀል እንዳይመስላችሁ። ልጁ የመንግሥት ድጎማ ቢወስድ ዋሱን ይጠይቁታል። ግዴታው የሚያበቃው ልጁ ዜጋ ሲሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ግብር ሲቆጠርለት፣ ወይም ከአገር ለቆ ሲሄድ፣ ወይም ከሁለት አንዱ ሲሞት ነው። 40 ሩብ ዓመት አሥር ዓመት ነው። ቢፋቱስ? ቢፋቱም ይቀጥላል! ጠበቃዋን ደግሜ ጠየቅኳት። አዎ አለች። ቄሱ ያሰረውን ፍቺ ሲበጥሰው አይቻለሁ፤ ይህን ፊርማ ግን አይበጥሰውም።

ሽማግሌው ቀን የነበሩት ሁሉ ተጠሩ። ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ቆመው የቀሩ ነበሩ። ሁሉም አስተያየት ነበረው። «ቤቷን ይወስድባታል» ያለም ነበር። የምን ቤት? ልጅቷ ያላት የተማሪ ብድር ነው። የዋስትናው ወረቀት ሲመጣ ግን አንዱ ግብሩን ገና አልሠራም፤ አንዱ ቤት ሊገዛ ነው፣ ክሬዲቱ ይነካበታል፤ አንዷ ባሏን ልታማክር ሄደች፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ያች የቪዛውን ማለቂያ የጠየቀችው ሴት ደግሞ «እኔ በሰው ትዳር አልገባም» አለችን። አልገባም!

ፈረምኩ። ምን ላድርግ? የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ካስጨነቀህ ተወው» አለችኝ፤ እንዲህ ስትል ጭራሽ መተው አይቻልም። ባለቤቴ ግን ሳምንት ሙሉ ቡናውን በዝምታ ነው ያፈላችው። ልጁ ለዓመታት ግብር ሲከፍል ስለቆየ ከ40ው ሩብ ዓመት ገሚሱ ተቆጥሮለታል ብዬ ባስረዳትም «ገሚሱስ?» አለችኝ። ልክ ናት። ለገሚሱ መልስ የለኝም።

ቀሪውን ባጭሩ። ማመልከቻው ከቀኑ በፊት ገባ። የሥራ ፈቃዱ እስኪመጣ ልጁ ቤት ተቀምጦ ሽሮ ማማሰል ተማረ። ፈቃድ ሳይሰጠው ከአገር ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ስለሚቆጠር ህንድ የሚደረገው ሰርግ ተራዘመ፤ እናቱ በስልክ ብቻ ነው ያዩት። በነገራችን ላይ እሳቸውም በልጅቷ ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው። የተማረ ልጃቸውን፣ የብዙ ልጃገረድ ወላጆች ያሰቡትን፣ ደሞዙን አይታ ያጠመደችው መስሏቸው። እኛ በዜግነቷ ስንኩራራ እነሱ በዲግሪው ይኩራራሉ። ግሪን ካርዱ ሲመጣ ደግሞ የሁለት ዓመት ነው፤ ጋብቻው ሁለት ዓመት ስላልሞላው በሁኔታ የተገደበ ይሉታል። ከማለቁ በፊት ባለው 90 ቀን ውስጥ አንድ ላይ ቀርበው አሁንም አብረን ነን ይላሉ። አሁንስ የኪራይ ውሉም፣ ሒሳቡም አለ። እህቴ ደረሰኝ የሚባል ነገር አታስጥልም፤ የገበያ ወረቀት ሳይቀር በፖስታ ታስቀምጣለች።

ልጁ ሥራ አግኝቷል፤ ከድሮው የተሻለ። ይህ እንደተሰማ ያች ሴት ደወለችልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወንድ ልጇ ኮምፒዩተር ሊማር እንደሆነ፣ ያ ልጅ ሥራ ቦታው አንድ ነገር ቢያደርግለት ብላ አነሳችው።

«አማችሽ አይደለም እንዴ? ራስሽ ደውይለት» ብዬ ቁጥሩን ሰጠኋት።