ወላዶቹ ቀድመው አውቀው ነበር

ሐኪሞችን እጅ ያስታጠበው ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ «የእናቶች አዳኝ» እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው ይገባዋል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ወላዶቹ ራሳቸው መዘለላቸው ነው።

በ1840ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዜመልቫይስ ይሠራበት የነበረው የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት ማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑበት ነበር። ክፍሎቹ ወላዶችን የሚቀበሉት ቀን እየተፈራረቁ ስለነበር፣ አንዲት ሴት የት እንደምትገባ የሚወስነው ምጧ የመጣበት ዕለት ነው። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች 11 ያህሉ ሞቱ፤ በሁለተኛው ግን 3 እንኳ አይሞሉም። የከተማዋ ድሆች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ወደ አንደኛው እንዳይወስዷቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡት እንኳ እናቶቹን በሚገድለው የአራስ ትኩሳት (ከወሊድ በኋላ በሚይዝ ኢንፌክሽን) እምብዛም አይያዙም። ሐኪሞቹ በበኩላቸው የተበከለ አየር ነው፣ መጨናነቅ ነው ይሉ ነበር፤ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ሆኖ ሳለ!

በ1847 የዜመልቫይስ ወዳጅ ሐኪሙ ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በቢላ ተወግቶ፣ ቁስሉ ተመርዞ ሞተ። በኮሌችካ ሬሳ ላይ የታየው ጉዳት በሞቱት አራሶች ላይ ከሚታየው ጋር ይመሳሰል ነበር። ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምሩ ነበርና ነገሩ ግልጽ ሆነ። በሜይ ወር ሁሉም እጃቸውን በክሎሪን ውሁድ እንዲታጠቡ ዜመልቫይስ አዘዘ። በኤፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ወረደ።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1795፣ በስኮትላንድ አበርዲን አሌክሳንደር ጎርደን ትኩሳቱን ከሴት ወደ ሴት የሚያዛምቱት ሐኪሞችና አዋላጆች መሆናቸውን ጽፎ ነበር። እኔም ራሴ አዛምቻለሁ ብሎ አመነ። ያተረፈው የከተማውን ጥላቻ ነው። ዜመልቫይስም ብዙ ባልደረቦቹ ሳይቀበሉት በ1865 በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሞተ።

ዕውቀቱ ነበረ፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነው። ኢንፌክሽን ዛሬም በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በአገራችንም የቧንቧ ውሃ የሌላቸው ጤና ተቋማት አሉ። ጤና ጣቢያዎቻችን ስንት እናት እንደወለደች ብቻ ሳይሆን፣ ውሃ ነበረ ወይ፣ ያዋለደሽ ባለሙያ እጁን ታጥቦ ነበር ወይ ብለው እናቲቱን ራሷን ጠይቀው መልሷን መመዝገብ አለባቸው፤ በጀት የሚመድቡትም ያንን መዝገብ ማንበብ አለባቸው።