እርማት፦ ኢስትሮጅን የወንድ ጠላት አይደለም

ወንድሜ፣ እዚህ ጅማ ጂም ለሚሠሩ ልጆች «ኢስትሮጅን የሴት ሆርሞን ነው፣ አናስትሮዞል (ኢስትሮጅንን የሚቀንስ ኪኒን) ዋጡና አጥፉት» ብለህ መምከርህ ይጎዳቸዋልና እባክህ አርመው። የወንድ ኢስትሮጅን በአብዛኛው ከራሱ ቴስቶስትሮን (ዋናው የወንድ ሆርሞን) የሚሠራ ነው፤ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ በተለይ ስብ ውስጥ፣ ጥቂቱን ወደ ኢስትራዲዮል፣ ማለትም ወደ ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት፣ ይቀይረዋል። ኢስትራዲዮል በአዋቂ ወንድ ደም ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 40 ፒኮግራም ገደማ ይገኛል፤ ልኩ እንደ ላብራቶሪው ይለያያል።

በጣም ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፣ የወሲብ ፍላጎት ይቀዘቅዛል፣ ስብ ይጨምራል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባን ተመልከት፦ ሰውነቱ ኢስትሮጅንን መቀበል የማይችል የ28 ዓመት ወንድ፣ ቴስቶስትሮኑ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር። ዕድገት ሲያበቃ የሚዘጉት የአጥንቱ ጫፎች አልተዘጉም፤ አጥንቱም ሳስቶ ነበር።

ሲበዛም ችግር አለው። ከጡት ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የሚያም እብጠት ከታየ ኪኒን ከመግዛት በፊት ሐኪም ይየው፤ ቴስቶስትሮንና ኢስትራዲዮል በጠዋት ደም ይለኩ፣ ጉበትም ይታይ። ብዙ ጊዜ መንስኤው ትርፍ ስብ፣ መጠጥ፣ ወይም ያለ ሐኪም የሚወጋ ቴስቶስትሮን ነው። ያን ሳይነኩ አናስትሮዞል መዋጥ አጥንትን ማስበላት ነው።