ሬዲዮዎን ይቀንሱልን

ባለፈው ቅዳሜ ጨጓራዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ሲያቃጥለኝ አደረ። ሲነጋ የትም ላልወጣ ወሰንኩና ሬዲዮ ከፈትኩ። ዛሬ ከዜና እስከ ትረካ፣ የሚወራውን ሁሉ ተጋድሜ እኮመኩማለሁ አልኩ። ዕድሌ ቀንቶ አንድ ሐኪም ስለ ጨጓራ ሲያወሩ ደረስኩ።

ሰውየው ሲናገሩ ደስ ይላሉ። አይቸኩሉም፣ ፈረንጅኛም አያበዙም። ቡና በባዶ ሆድ አትጠጡ አሉ። ይህን አውቀዋለሁ፤ አላደርገውም እንጂ። ቀጠሉና "በርበሬን በተመለከተ ደግሞ…" ሲሉ አዘጋጇ ገባች። "ይቅርታ ዶክተር፣ መስመር ላይ አድማጭ አለን።"

እኔ እኮ በርበሬውን ነው የምጠብቀው!

"ሄሎ፣ ማን እንበል? ከየት ነው?"

"ሄሎ፣ እንደምን አደራችሁ? ከመርካቶ ነኝ። ይሰማል?"

"ይሰማል። ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።"

"እሺ። በመጀመሪያ ፕሮግራማችሁን በጣም ነው የምከታተለው። አንቺንም፣ ዶክተርንም፣ ቴክኒሻኑንም…"

ፉጨት። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት።

"አባቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።"

"ቀንሻለሁ። እና እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። በዚህ አጋጣሚ አብረውኝ የሚያዳምጡትን የሱቅ ጎረቤቶቼን፣ ክፍለ ሀገር ያለችውን እህቴን…"

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ "ጥያቄዬ ምን መሰለሽ" አለ። ቱት፣ ቱት፣ ቱት። ተቋረጠ።

አሁን ይህ ሰው ሬዲዮውን ቀንስ ሲባል ለምን አይቀንስም? መልሱ ቀላል ነው። የራሱን ድምፅ መስማት ይፈልጋል። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላል ያገሬ ሰው። ከተረትና ምሳሌ ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። ስለ አንተ አገሩ ሁሉ ሲያወራ ውሎ አንተ መጨረሻ ትሰማለህ፣ ነው ነገሩ። የመርካቶው ሰውዬ ግን ባዳውን ጆሮ ሊያስታርቅ ተነስቷል። አፉ ስቱዲዮ መግባቱን ጆሮው ካልመሰከረለት አያምንም። አንዳንዴ አልፈርድበትም። ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ "ሰዓት ስለሌለን ሦስት ሰው ብቻ" እየተባለ የኖረ ሰው ነው። ሦስት ደቂቃ አገር ሙሉ ሲሰማው ምን ያድርግ? ግን በርበሬዬስ?

ሬዲዮ ላይ እንዲህ ቂም የያዝኩት ዛሬ አይደለም። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ነው ያደግኩት። ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ ቡናማ የቆዳ ልብስ የለበሰ ሬዲዮ ነበረው። ችግሩ ድንጋይ ነው። የዛሬ ልጅ ድንጋይ ስል የቤት መሥሪያ ይመስለዋል፤ ባትሪ ማለቴ ነው። ድንጋይ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እሱም እምቢ ካለ በጥርስ ይነከሳል። የጋሼ ጥርስ ያላረፈበት ድንጋይ ቤታችን አልነበረም። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፦ "ድንጋይ ለዜና ነው!" ዘፈን ሲመጣ ጠቅ። የልጆች ፕሮግራም ሲመጣ ጠቅ።

አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርክ። ያን ሰዓት ጎረቤት ሳይቀር እኛ ቤት ነው። ወጋየሁ አንድ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ልጅ አልነበረም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ከሬዲዮው ራቅ እንላለን። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ደግሞ እንጠጋለን። ከዚያ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ወጣች። የወጋየሁ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ጋሼ ሬዲዮውን መታው። ገለበጠው። ድንጋዩን አውጥቶ ነከሰው። ጭጭ።

ደመወዝ እስኪደርስ አዲስ ድንጋይ የለም። መጽሐፉን ያገኘሁት ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። እስከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰብለ እኔ ዘንድ መንገድ ላይ ናት።

ድንጋዩን የበላውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጋሼ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ዶይቸ ቬለን ይሰማ ነበር። ቀን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ፣ ማታ ኮሎኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉሃል ይህ ነው። ሰሜን ወንድሙን የላከ ሰው የሰሜኑን ወሬ ጀርመን አገር ደርሶ ሲመለስለት ይሰማል፣ ያውም ተከናንቦ፣ ያውም ትንፋሹን ይዞ። ለዚህ አልወቅሰውም። ግን "ድንጋዩ በትረካ አለቀ" ብሎ እኛን ልጆቹን ሲቆጣን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይቆጨኛል። ነፍሱን ይማረው።

ለማንኛውም ቅዳሜ ዕለት 7 ሰዓት ላይ ዜና መጣ። አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? ዜና ውስጥ "አለ" የሚባል ሰው የለም። አንዱ ያስታውቃል፣ አንዱ ያስገነዝባል፣ አንዱ ይጠቁማል፣ አንዱ ያሳስባል። ተራ ሰው ካለ "አስተያየታቸውን የሰጡ ነዋሪዎች" ይሆናል፤ እነሱም "መደሰታቸውን ይገልጻሉ"። እኔም ምሳ ላይ አልጫው ጨው እንዳነሰው ለባለቤቴ ጠቆምኩ። ከነገ ጀምሮ ራሴ እንድሠራ አሳሰበች።

ከሰዓት ኳስ ነው። ኳስ ማለቴ አርሰናል ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አንድ ተከላካይ ጉልበት ተወራ። የአርሰናል ሐኪም እንኳ ያን ያህል አያወራም። እኔ ኳስ በሬዲዮ የለመድኩት ከደምሴ ዳምጤ ነው። በ1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየም አልነበርኩም፤ ግን አይቻለሁ። በጆሮዬ አይቻለሁ! የዛሬዎቹ ቴሌቪዥን ላይ ያየሁትን ነው መልሰው የሚነግሩኝ። መሃል ላይ ደግሞ "መስመር ላይ አድማጭ አለን" ይላሉ። አድማጩ ሰላምታ ይጀምራል። ያፏጫል። ይሄኔ ዘጋሁት።

ወደ በርበሬው ልመለስ። ማታ ባለቤቴ እራት ስታቀርብ "እኒያ ሐኪም እኮ በርበሬውን ሳይናገሩ ቀሩ" አልኳት። "ያ ሰላምታ የሚያበዛ ሰውዬ ሰዓታቸውን በላባቸው።"

"ኧረ ተናግረዋል። ስልኩ እንደተቋረጠ ነው የመለሱት።"

"እና እኔ የት ሆኜ?"

"አንተማ ትጮህ ነበር። 'ጥያቄህን አትጠይቅም ወይ!' እያልክ።"

"እሺ፣ ምን አሉ ታዲያ?"

"አንተ እየጮህክ እንዴት ልስማ?"

ወጡ ቀይ ነበር። ትንሽ አየሁት። ጎረስኩ።