ፓክ-12ን ማን በተነው?

ትናንት ማታ የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ፣ የዩሲኤልኤን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ልይ ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ተጋጣሚው ከኒው ጀርሲ፣ ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ! ይሄ ነው የኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ምድብ) ጨዋታ? በቃኝ!

በ2024 አሥር ዩኒቨርሲቲዎች የምዕራብ አሜሪካ ኮንፈረንሳቸውን ፓክ-12ን ጥለው ወጡ። ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ባዶ ቤት ታቅፈው ቀሩ። ካሊፎርኒያ ያለው ስታንፎርድ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ገባ። ኧረ ካርታ እዩ!

ሜዳ ላይ ተሸንፎ ቢወድቅ ባልከፋኝ። ቡድን ይደክማል፣ ይነሳል፤ ያለ ነው። ግን በ2021 እኮ በዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ውድድር ሦስት ቡድኖቹ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገብተው ነበር! የበተነው የአሜሪካን ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ቅርጫት ኳሱን ማን ጠየቀው? ልጆቹንስ? ማታ አገር አቋርጠው ተጫውተው፣ ጠዋት በየትኛው ጉልበት ክፍል ይግቡ?

የፓክ-12ዎቹ የዩሲኤልኤና የአሪዞና ፍልሚያ የክረምት ሌሊቶቼ ድምቀት ነበር። ማን ይመልስልኝ?